ፎግ ላይት፣ ፓውዛና ኤልኢዲ ባር በከባድ መኪና ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፣ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚጭነው፣ ወደ አሰላና ባሌ የሚወጣው ከባድ መኪና አብዛኛው አዳማን ይረግጣል። እዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ከሾፌሮች የሚሰማው ጥያቄ ብዙም አይለያይም። «ስንት ፓውዛ ልጨምር?» የሚለው ብዙ ነው። «ያለኝን መብራት አስተካክልልኝ» የሚለው ግን ጥቂት ነው። ደጋግመው ከሚነሱት የተወሰኑትን እንደ አመጣጣቸው እነሆ።

ፎግ ላይትና ፓውዛ በምን ይለያያሉ?

ሥራቸው ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። ፎግ ላይት ቅርቡን ያሳያል። ብርሃኑ ሰፊና ጠፍጣፋ ሆኖ ከፓራውልቱ አካባቢ ተነስቶ መንገዱ ላይ ይዘረጋል። ላይኛው ጠርዙ ቁልጭ ብሎ የተቆረጠ ነው፤ ከዚያ በላይ ብርሃን መኖር የለበትም። ለረጅም መብራት አጋዥ የሚሆነው ፓውዛ ደግሞ ጠባብ ጨረር ይዞ ሩቅ ይመታል። ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ጭነት ሲወርድና ሲጫን የሚበራው የሥራ መብራት ነው። ይህ በየአቅጣጫው ስለሚበትን ለመንዳት አይሆንም። ገበያ ላይ ሦስቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ሳጥን ይመስላሉ። ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ባትሪ ላይ አስይዛችሁ ግድግዳ ላይ አብሩት። የብርሃኑ ቅርጽ ምን እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

ጉም ውስጥ ረጅሙን ሳበራ ለምን ነጭ ግድግዳ ይሆንብኛል?

ጉም አየር ላይ የተንሳፈፈ ጥቃቅን የውሃ ጠብታ ነው። ረጅም መብራት ወደ ፊትም ወደ ላይም ስለሚረጭ እያንዳንዷ ጠብታ ከብርሃኑ ቀንሳ ወደ ዓይናችሁ ትመልሳለች። ብርሃኑ በጨመረ ቁጥር ተመላሹም ይጨምራል። ያኔ የሚታያችሁ ጉሙ እንጂ መንገዱ አይደለም። ፎግ ላይት ከዓይናችሁ በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚነሳ፣ በእናንተና በአስፋልቱ መካከል ያለውን ጉም ብዙም አያበራውም። ጥቅሙ ከዚህ የመጣ ነው።

በደሴ መንገድ ያለውን ከፍታ፣ ጣርማ በርን፣ በክረምት ያለፈ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ከአሰላ ወደ በቆጂ ሲወጣም፣ ከአዋሽ በአሰበ ተፈሪ አድርጎ ወደ ቁልቢ ሲኬድም ያጋጥማል። እንዲህ ያለ ቦታ ረጅሙን አጥፉ፤ አጭሩንና ፎግ ላይቱን አብሩ። ዓይናችሁን መሀል ላይ አትትከሉ፤ የቀኙን ጠርዝ ተከተሉ። ነጭ መስመር ካለ መስመሩን፣ ከሌለ አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ የሚጀምርበትን። ፎግ ላይት በጣም የሚያግዘው ይህን ጠርዝ በማሳየት ነው። ከፊት ያለውን መኪና የኋላ መብራት ብቻ ተከትሎ መሄድ የሚወድ አለ። ሰውዬው አስፋልቱን ቢለቅ እናንተም አብራችሁ ትለቃላችሁ።

ቢጫ ይሻላል ነጭ?

«ቢጫ ጉም ይበሳል» ሲባል ያልሰማ ሾፌር የለም። የጉም ጠብታ ከብርሃን ሞገድ ጋር ሲተያይ በጣም ትልቅ ስለሆነ ግን ቢጫውንም ነጩንም እኩል ይበትነዋል። ቢጫው የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው። ዓይን የሚያጭበረብረው ሰማያዊው የብርሃን ክፍል ስለተቀነሰለት፣ ብዙ ሰው ቢጫ መብራት ይዞ ሲነዳ ዓይኑ ብዙም አይደክምም። ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የመኪኖቿን የፊት መብራት በሕግ ቢጫ አድርጋ ነበር፤ በኋላ ተወችው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ የፊት ፎግ ላይት ነጭም ቢጫም መሆን ይችላል።

የኔን ምርጫ ለሚጠይቅ፦ ቢጫ፣ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) አካባቢ። ነጭ የሚወድ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን፣ 6000 እና ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ይተወው። ሱቅ ውስጥ ያምራል፤ ዝናብ ላይ ግን መንገዱን ይውጠዋል።

አዳማ ጉም የለም። ምን ያደርግልኛል?

ጉም ባይኖር አቧራ አለ። ወለንጪቲን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን አልፋችሁ አፋር ውስጥ ስትዘልቁ ነፋስ የተነሳ ማታ ከጉም የባሰ ነው። ተለዋጭ መንገድ ላይ ከሌላ ሲኖትራክ ኋላ ከገባችሁማ ረጅም መብራት ዋጋ የለውም። ከባድ ዝናብም ያው ነው። በእነዚህ ጊዜያት ፎግ ላይት ይሠራል።

በጠራ ሌሊት ግን አጥፉት። ቅርቡ መንገድ በጣም ሲበራ ዓይናችሁ ለዚያ ደማቅ ብርሃን ራሱን ያስተካክልና ሩቁ ይጨልምባችኋል። ሾፌሩ «ጥርት ብሎ ይታየኛል» ይላል፤ የሚታየው ግን ከጎማው ፊት ያለው ብቻ ነው። ከመተሐራ ወደ አዋሽ ያለው መንገድ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከብትና ግመልም ከዚያ መስመር አይጠፋም። ግመል ላይ አጭር መብራት መጀመሪያ የሚያገኘው እግሩን ብቻ ነው፤ አራት ቀጫጭን አቧራ መሳይ እግር። ዓይኑ ከጨረሩ በላይ ስለሚቀር እንደ ላም ዓይን አብረቅርቆ አያስጠነቅቅም። እዚያ መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና ከሌለ የሚያስፈልጋችሁ ረጅም መብራት ነው እንጂ ፎግ ላይት አይደለም።

ጋቢና አናት ላይ ኤልኢዲ ባር ብደረድርስ?

ለፎቶ ጥሩ ነው።

መንገድ ላይ ግን ሦስት ጣጣ አለው። አንደኛ፣ ከዓይናችሁ በላይ የተሰቀለ መብራት ጉምና አቧራን ልክ አፍንጫችሁ ፊት ያበራዋል፤ ነጩ ግድግዳ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ከመስታወቱ፣ ከዝናብ መጥረጊያውና ከፓራውልቱ ላይ እየነጠረ ይመለስባችኋል። ሦስተኛ፣ ከዚያ ከፍታ የሚወርድ ብርሃን ከፊት የሚመጣውን የሚኒባስ ሾፌር ጨርሶ ያሳውረዋል። ድንጋይ ማውጫ ወይም እርሻ ውስጥ፣ ማንም በማይመጣበት ቦታ ብትጠቀሙበት አልቃወምም። አስፋልት ላይ ስትወጡ ይጥፋ፤ ቢቻል ሽፋን ይልበስ።

ፎግ ላይት ከመሬት ስንት ከፍታ ላይ ይገጠማል?

የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 እንደሚለው ከመሬት ከ25 ሳንቲ ሜትር በታች አይሆንም። ለአውቶሞቢልና ለቀላል ጭነት ከ80፣ ለተለመደው ከባድ መኪና ደግሞ ከ120 ሳንቲ ሜትር በላይ አይሆንም። ከአጭሩ መብራት ከፍ ማለትም አይፈቀድለትም። በኛ መንገድ 25 ሳንቲ ሜትር ላይ የገጠመ ሰው የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይለያየዋል። ከ50 እስከ 80 ያለው ቦታ ተስማሚ ነው። የፋብሪካው ቀዳዳ ፓራውልቱ ላይ ካለ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፤ እሱ ታስቦበት ነው የተሠራው። የጠጠር መንገድ የሚያዘወትር የሽቦ መከላከያ ያስደርግበት።

አቅጣጫውን ራሴ ማስተካከል እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ጠመኔ፣ ሜትርና ግድግዳ ይበቃል። ብዙ ሰው «መብራቴ ደካማ ነው» ብሎ መጥቶ አምፖል ሳይቀየርለት በዚህ ብቻ የሚሄድበት ጊዜ አለ።

ሲመሽ ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ መኪናውን ግድግዳ ፊት በ10 ሜትር ርቀት አቁሙ። የጎማ ነፋስ ልክ ይሁን። ከመሬት እስከ አጭሩ መብራት መሀል ያለውን ቁመት ለኩና ግድግዳው ላይ በዚያው ቁመት አግድም መስመር በጠመኔ አስምሩ። ከእሱ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ ሁለተኛ መስመር አስምሩ። የአጭሩ መብራት ላይኛው ጠርዝ ሁለተኛው መስመር ላይ ማረፍ አለበት። አንዱን መብራት በካርቶን ጋርዳችሁ ሌላውን ተመልከቱ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ አይለይም። ለፎግ ላይቱም የራሱን ቁመት ለኩ፤ ጠርዙን በ10 ሜትር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጉት። በኛ ሀገር በቀኝ ስለሚነዳ የአጭሩ ጨረር በቀኝ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል። በግራ በኩል ከፍ ካለባችሁ መብራቱ የተሠራው በግራ ለሚነዳ ሀገር ነው፤ ያገለገለ ዕቃ ላይ ያጋጥማል። እሱን የሚያስተካክል ቡሎን የለም፤ መለወጥ ነው።

ጭኜ ስወጣ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅሙን ያበራብኛል። ምን አድርጌያቸው ነው?

አጭሩን አብርታችሁም ረጅም እንዳበራችሁ ሆኖ ነው የሚታያቸው። ኋላው ሲጫን አፍንጫው ይነሳል፤ በተለይ ኢሱዙ ላይ። አፍንጫው በ10 ሜትር 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢነሳ 50 ሜትር ላይ ጨረሩ ግማሽ ሜትር ይወጣል። ያ ደግሞ ልክ የአውቶሞቢል ሾፌር ዓይን ላይ ነው። አብዛኛው መኪና ጋቢና ውስጥ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት፣ የመብራቱን ጨረር ዝቅ የምታደርግ ትንሽ መዘውር አለችው። ባዶ ሲሆን 0፣ ሲጫን ወደ 2 ወይም 3። ብዙ መኪና ላይ ይህች ነገር ማንም ሳይነካት አቧራ ለብሳ ነው የምትገኘው። ከሌለው ወይም ከማይሠራ፣ የግድግዳውን ልኬት ጭናችሁ ሥሩት።

ለሃሎጅን (በጋለ ክር ለሚበራ አምፖል) በተሠራ የመብራት ቤት ውስጥ ኤልኢዲ ወይም ዜኖን አምፖል ባስገባስ?

አልመክርም። የመብራቱ መስታወትና አንጸባራቂ የተሠራው የሃሎጅኗ ክር ያለችበትን ቦታ በሚሊ ሜትር አስልቶ ነው። ብርሃኑ ከሌላ ቦታ ሲነሳ ጨረሩ ይበታተናል። ከጋቢና ሆናችሁ ነጣ ብሎ ይታያችኋል፤ ትደሰታላችሁ። ርቀቱ ግን አይጨምርም፤ ከፊት የሚመጣው ደግሞ ይታወራል። ኤልኢዲ ከፈለጋችሁ ከነቤቱ ኤልኢዲ ሆኖ የተሠራውን ግዙ።

ሌላው የዋት ጉዳይ ነው። «300 ዋት» የተጻፈበት ባር በ24 ቮልት ከ12 አምፔር በላይ መሳብ አለበት። በቴስተር ሲለካ 2 ወይም 3 አምፔር ብቻ ከሳበ ጽሑፉ ተለጣፊ ወረቀት ነው። ሱቁ በር ላይ መለካት ነውር የለውም፤ ገንዘባችሁ ነው። ለውሃና ለአቧራ አይፒ 67 የሚል ተመልከቱ። 6 አቧራ ጨርሶ አያስገባም ማለት ነው፤ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

መኪናዬ 24 ቮልት ነው፣ የገዛሁት ፎግ ላይት 12 ቮልት ነው። ከአንዷ ባትሪ ብቻ ብወስድስ?

ይህን ከሁሉ በላይ እንጠየቃለን፤ ከሁሉ በላይም ጥፋት የሚያመጣው ይኼ ነው።

ሲኖትራክ፣ ትራከር፣ አክትሮስ፣ ከኢሱዙም ብዙዎቹ 24 ቮልት ናቸው። ሁለት 12 ቮልት ባትሪ ተከታትለው ተያይዘዋል። ዲናሞው ሁለቱን እንደ አንድ ባትሪ ነው የሚሞላቸው፤ ለየብቻ አያውቃቸውም። ከአንዷ ብቻ ስትወስዱ እሷ ትጎድላለች፣ ሌላዋ ሙሉ ናት። ዲናሞው ግን ለሁለቱም እኩል ይሰጣል። የጎደለችው መቼም አትሞላም፤ የሞላችው ደግሞ ከልክ በላይ እየተሞላች ትፈላለች፣ ውሃዋም ይነጥፋል። ከዚያ ሾፌሩ «ባትሪ ሻጩ ሸወደኝ» እያለ ይመጣል። የጎደለችውን ብቻ በአዲስ ቀይሮ ያንኑ ሽቦ መልሶ የሚያስርባትም አለ።

መፍትሔው ቀላል ነው። 24 ቮልት መብራት ግዙ፤ ብዙዎቹ የኤልኢዲ መብራቶች ከ10 እስከ 30 ቮልት ይላሉ፣ እነሱ ይሆናሉ። 12 ቮልቱን የግድ መጠቀም ካለባችሁ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገቡ። ሁለት እኩል ዋት ያላቸውን 12 ቮልት ሃሎጅን አምፖሎች ተከታታይ አድርጎ 24 ላይ ማሰርም ይሠራል፤ ግን አንዷ ስትቃጠል ሁለቱም ይጠፋሉ። ጣርማ በር ላይ ሆነ ማለት ነው እንግዲህ።

ሪሌ (በትንሽ ኮረንቲ ታዝዞ ትልቁን ኮረንቲ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) እና ፊውዝ የግድ ነው? ገመዱን በቀጥታ ብይዘውስ?

የግድ ነው። አንድ ሾፌር ማብሪያው ቀልጦ፣ የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ቡልቅ ብሎ ያመጣትን መኪና አስታውሳለሁ። አራት ፓውዛ በአንዲት ቀጭን የሬዲዮ ሽቦ ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ፊውዟ ያለችበት ቦታ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። ወረቀቷ ደህና ነበረች። የተቃጠለው ሌላው ሁሉ ነው።

ሒሳቡ ይኼውላችሁ። ሁለት 70 ዋት አምፖል 140 ዋት ነው፤ በ24 ቮልት ወደ 6 አምፔር ይጠጋል። ሁለት 55 ዋት በ12 ቮልት ደግሞ ከ9 አምፔር በላይ ነው። ያን ሁሉ ለትንሿ ማብሪያ አታሸክሟት። ከባትሪው ወፍራም ገመድ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ከዚያ ሪሌ፣ ከዚያ መብራት። ማብሪያዋ ሪሌውን ብቻ ትዘዘው። ለመጀመሪያው 10 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። የኔጋቲቩን ገመድ ቀለም ላይ አታያይዙ፤ ቻሲው እስኪያበራ ፍቃችሁ፣ በቡሎን አጥብቃችሁ፣ ግሪስ ቀቡት።

ሩቅ መቺ ፓውዛ ከሆነ የሪሌውን ትዕዛዝ ከረጅሙ መብራት ሽቦ ውሰዱ። ያኔ ረጅሙን ስትቀንሱ ፓውዛውም አብሮ ይጠፋል። ለብቻው ማብሪያ ብቻ ያለው ፓውዛ ሁልጊዜ ይረሳል። ከፊት መኪና ሲመጣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚያስታውስ እጅ የለም።

ከፊት የሚመጣው ረጅሙን አልቀንስ ቢለኝስ?

አንዴ ብልጭ አድርጉለት። ካልቀነሰ ተዉት። «እሱ ካልቀነሰ እኔም አልቀንስም» የሚለው እልህ ሁለት የማያዩ ሾፌሮችን ፊት ለፊት ማገናኘት ነው። ዓይናችሁን ወደ ቀኙ ጠርዝ ጣሉ፣ ፍጥነት ቀንሱ። የተጭበረበረ ዓይን ለመመለስ ሴኮንዶች ይወስድበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ይረዝማል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ3 ሴኮንድ 50 ሜትር ይሄዳል። የጋቢናውን የውስጥ መብራትም አጥፉ፤ የፊት መስታወቱን ራሳችሁን እንደሚያሳይ መስተዋት ያደርገዋል። ረዳቱ ስልክ ሊያይ ከፈለገ ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ይይ።

ጥሩ መብራት አለኝ፤ በስንት ልንዳ?

በሚታያችሁ ርቀት ውስጥ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት። ዓለም አቀፉ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አጭር መብራት በጠራ ሌሊት ቢያንስ 40 ሜትር፣ ረጅሙ ቢያንስ 100 ሜትር እንዲያሳይ ይጠይቃል። አሁን ፍሬኑን አስቡት። ደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ፍሬን፣ ለመንቃት አንድ ሴኮንድ ተኩል እንስጥ። በ40 ኪሎ ሜትር 30 ሜትር ገደማ ላይ ትቆማላችሁ። በ60 ወደ 55 ሜትር ይሆናል። በ80 ደግሞ 80 ሜትር ያልፋል። አጭሩን አብርቶ በ80 የሚነዳ ሾፌር ያላየው ነገር ላይ እየነዳ ነው። ዝናብ፣ ሙሉ ጭነት፣ ተሳቢና ያለቀ ጎማ ሲጨመርበት ቁጥሩ ሁሉ ይረዝማል።

በጉም ደግሞ 30 ሜትር ብቻ ከታያችሁ 40ም ብዙ ነው። ፎግ ላይት ጠርዙን ያሳያል እንጂ እይታን አያረዝምም። ይህን ለባለንብረቶችም ብነግር ደስ ይለኛል፤ ሌሊቱን «የት ደረስክ?» እያሉ የሚደውሉት እነሱ ናቸውና።

የኋላ ፎግ ላይትስ?

ቀይ ነው፤ ከተራው የኋላ መብራት በጣም ይደምቃል። አንድ ብቻ ከሆነ በኛ አነዳድ በግራ በኩል ይሆናል። ከፍሬን መብራት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ አለበለዚያ ፍሬን መያዛችሁ አይለይም። እይታው ከ100 ሜትር በታች ሲወርድ አብሩት፤ ሲጠራ ወዲያው አጥፉት። ረስቶ አዲስ አበባ የሚገባ አይጠፋም፤ ከኋላው ያለው በፈጣን መንገዱ ርዝመት ሁሉ ሲረግመው ነው የሚመጣው።

የጌጥ መብራትና የኋላው የሥራ መብራትስ?

ሰማያዊና ቀይ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ፊት ላይ አትስቀሉ፤ የፖሊስና የአምቡላንስ ነው። ከፊት ነጭ ወይም ቢጫ፣ ከጎን ብርቱካናማ፣ ከኋላ ቀይ። የተቀረው ለሠርግ ይሁን። የሥራ መብራቱ ለጭነት ነው፤ ስትነሱ አጥፉት። ከኋላ የሚመጣ ሰው ነጭ ብርሃን ሲያይ ወደ እሱ የምትመጡ ይመስለዋል።

ሌሊት መንገድ ላይ ብበላሽስ?

መጀመሪያ ከአስፋልቱ ውጡ። ድርብ ፍሬቻ አብሩ፤ ባትሪው እንዳያልቅ ፓውዛውን ሁሉ አጥፉ። ከዚያ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ ርቃችሁ አስቀምጡ፤ ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት። ድንጋይና ቅርንጫፍ የመደርደር ልማዳችን ቀን ላይ ያስኬዳል። ማታ ግን ቅጠል ብርሃን አይመልስም። ድንጋዩ ደግሞ መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ እዚያው ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባጃጅ ወይም ሞተር ይወጣበታል። ከሄዳችሁ አንሱት።

የተሳቢውን ኋላና ጎን በአንጸባራቂ ቴፕ መሸፈን ደግሞ ባትሪ አይፈልግም፣ አይቃጠልም፣ መብራታችሁ ሁሉ ቢጠፋም ይሠራል። ከአንድ ጥንድ ፓውዛ ዋጋ ጋር አወዳድሩት። ከወንጂና ከመተሐራ አካባቢ በመከር ጊዜ አገዳ የጫነ ተሳቢ ኋላ የደረሰ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል።

መብራቴ ደክሟል። አዲስ ልግዛ?

መጀመሪያ እጠቡት። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ከደበዘዘ ይወለወላል። የጋቢናውን መስታወት ከውስጥም ከውጭም ጥረጉ፤ ከውስጥ ያለውን ቅባት ማንም አያስታውሰውም። ኤልኢዲ እንደ ሃሎጅን ስለማይሞቅ የተለጠፈበት ጭቃ አይደርቅም፤ ክረምት ላይ ስትቆሙ ሁሉ ረዳቱ በጨርቅ ይለፈው።

ከዚያም ካልተሻለ ሞተር አስነስታችሁ ባትሪው ላይ ለኩ። 24 ቮልት መኪና ከ27 እስከ 28 ተኩል ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ ዲናሞው ጋ ነው። ልክ ከሆነ መብራቱን አብርታችሁ አምፖሉ ሶኬት ላይ ለኩ። ከባትሪው ከአንድ ቮልት በላይ ካነሰ መንገድ ላይ የሚበላው ገመድ፣ የዛገ ማያያዣ ወይም የላላ ኔጋቲቭ አለ። ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው የሚገኘው።